ያልከፈለ ደንበኛን ስም በአደባባይ ማውጣት ተገቢ ነው?

ዲዛይነር፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ጥር ላይ ለአንድ ድርጅት ሎጎና ብሮሸር ሠራሁ። በ35,000 ብር ተስማማን። ወደዱት፣ ወዲያው አሳተሙት። ክፍያው ግን ይኸው አራተኛ ወሩን ያዘ። ስደውል «ፋይናንስ ክፍል ነው ያለው» ይሉኛል። ታክሲ ቀያይሬ ቢሯቸው ስደርስ ፈራሚው የለም። የእኔ ብሮሸር ግን እንግዳ መቀበያው ላይ ተደርድሯል። ስማቸውን ፌስቡክ ላይ ላወጣ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቪዲዮ ኤዲተር፣ ኮዬ ፈጬ፦
አውጪው። ዝም ስለምንላቸው ነው የለመዱት። ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ ይበላሉ።

አካውንታንት፣ ጀሞ፦
እህቴ፣ አትቸኩይ። ስም አጠፋሽ ብለው ሊከሱሽ ይችላሉ። ብትረቺ እንኳ ጊዜሽን ይበሉታል፣ ገንዘቡም በዚያ አይመጣም። በቁጥርና በቀን የተጻፈ የክፍያ መጠየቂያ ልከሽላቸዋል? የመክፈያ ቀን አለው?

ዲዛይነር፦
በቴሌግራም የባንክ ሂሳብ ቁጥሬን ነው የላክሁት። ውሉም በቃል ነው። ዋጋውን የተስማሙበትና ሥራውን ያጸደቁበት መልእክት ግን አለኝ። እውነቱን ለመናገር ስለ ገንዘብ ደጋግሞ መጻፍ ይከብደኛል።

ተርጓሚ፣ ለገጣፎ፦
ልጄ፣ የላብሽን መጠየቅ ነውር አይደለም። ይሉኝታ እኔንም ብዙ አስከፍሎኛል። አሁን ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል ሥራ አልጀምርም። የመጨረሻውን ፋይል የምሰጠው ቀሪው ሲገባ ነው። በእጅ ሰጥቶ በእግር መፈለግ ሰልችቶኛል። አንቺ አሁን ደብዳቤ ጻፊ። ስንት ብር፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ። መልእክቶቹን አትመሽ አያይዢ። መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂሽ ላይ ማህተም አስደርጊ። ከዚያ በኋላ «አልደረሰንም» የሚባል ነገር የለም።

አካውንታንት፦
ልክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772ም ውሉ አልተፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጥ ነው የሚለው። በስልክ የለመንሽው ልመና ፍርድ ቤት ሲደረስ ለማስረዳት ይከብዳል።

ቪዲዮ ኤዲተር፦
እሺ፣ ደብዳቤው እስኪሠራ ብሩ ቆሞ ይጠብቀናል? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ያልተከፈለኝ ሥራ ነበረኝ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሌንስ ልገዛበት ያሰብኩት ገንዘብ ሲገባ ሌንሱን አይገዛም። ያንን ማን ይክሰኛል?

አካውንታንት፦
ይኼን አልክድም ወንድሜ። ሕጉ ለዘገየ ክፍያ የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ያንተን ጉዳት አይሸፍንም። ቀብድ ላይ ድርቅ ማለት ያለብን ለዚህ ነው።

ቪዲዮ ኤዲተር፦
ቀብድ ስትጠይቅ እኮ ያለ ቀብድ ወደሚሠራው ይሄዳሉ። ጀማሪ ልጅ ምርጫ የለውም። ስማቸው የሚወጣ መሆኑን ካላወቁ አይፈሩም።

ተርጓሚ፦
እውነት አለህ፣ ለጀማሪ ይከብዳል። ቢያንስ 30 በመቶ ይጠይቅ። ያንን ለመክፈል ያቅማማ ሰው ቀሪውን እንዴት ይከፍላል?

ዲዛይነር፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፣ ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገባለሁ። 15 ቀን እሰጣቸዋለሁ። ስማቸውን ለጊዜው አላወጣም። ሌላ ዲዛይነር «እንዴት ናቸው?» ብሎ በግል ከጠየቀኝ ግን የሆነውን ሁሉ እነግረዋለሁ።

ቪዲዮ ኤዲተር፦
አራት ወር ለበላ ሰው 15 ቀን ይበዛል። 7 ስጪያቸው።