ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ ሞተረኞች ስልጠና፦ የሞተረኞች ማህበር አባላት በጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ ላይ፣ በቅጽል ስማቸው፣ ሐዋሳ

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ሁለት ቅዳሜ፣ ጠዋት ጠዋት። ፍሬን አያያዝ፣ መታጠፍ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ መንዳት፣ የዓይንና የደም ግፊት ምርመራ። ከካዝና 60 ሺህ ብር። አሰልጣኝ ከትራፊክ ፖሊስ እንጠይቃለን፣ ሜዳ ከትምህርት ቤት። ደብዳቤው ሰኞ መግባት አለበት። የባነሩን ዓመት እንዳንደግመው አደራ።

ጥቁር ውሃ፦ ሜዳውን ለእኔ ተዉት። ርዕሰ መምህሩ የቅርብ ሰው ነው። ኮኑንም እኔ አመጣለሁ።

ጋሽ ያማሃ፦ እኔ በደርግ ጊዜ ነው ሞተር ላይ የወጣሁት። የልማት ሠራተኛ ሳለሁ በያማሃ ኤጂ ያልወጣሁት ዳገት የለም። አሁን ማን መጥቶ ነው ፍሬን የሚያስተምረኝ?

አቶቴ፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና ከኋላዎ ስነዳ አይቻለሁ። የፊት ፍሬን አይነኩም።

ጋሽ ያማሃ፦ የፊት ፍሬን ይጥላል። ይሄን የማያውቅ ሞተረኛ አለ እንዴ?

አቶቴ፦ ጠጠርና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ድንገት ከጨበጡት ይጥላል፣ ልክ ነዎት። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሌላ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ጎማ ይቀላል። የኋላውን ብቻ ሲረግጡት ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ግን ቶሎ አይቆምም። አብዛኛውን የሚያቆመው የፊቱ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳሉ። ባጃጁ ተሳፋሪ አይቶ ፊትዎ ሲጠመዘዝ፣ ገና እጅዎ ፍሬኑ ጋ ሳይደርስ እሷ 11 ሜትር አልቃለች። ዕድሜ ሲጨመርማ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሙሉ ይሄንኑ ብቻ እንሥራ ነው የምለው። ቀስ ብሎ ጀምሮ እያጠበቁ መጭመቅ፣ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። እጅ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ።

ሲስተር፦ የጤናውን ክፍል ደግሞ እንዳታሳጥሩብኝ። ስኳር ያለባችሁ፣ እግራችሁ ይደነዝዛል አይደል? ፔዳሉን መርገጡ የማይሰማው እግር ይዛችሁ ነው የኋላ ፍሬን ብቻ የምትሉት። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ማታ የመኪና መብራት ሲመጣበት ከፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆንበታል። የግፊት መድኃኒት ሲቀየር ያዞራል፤ እስኪለመድ ድረስ ሞተሩ ይቁም። አንገት አልዞር ያላችሁም አላችሁ። ያንን ነቅላችሁ የጣላችሁትን ስፖኪዮ መልሱ።

ቦክሰር 150፦ ሁሉም ጥሩ ነው። ገጽ 2 ላይ ግን «ቢጫ አንፀባራቂ ሰደርያ» ይላል። ለምን ቢጫ? እኔ የፓርኪንግ ልጅ አይደለሁም።

ፀሐፊ፦ ለልምምዱ ብቻ ነው፣ ተለብሶ ይመለሳል።

ቦክሰር 150፦ ለልምምድም ቢሆን። ሰው ያየኛል።

ሞኖፖል፦ ብርቱካናማ ይሁን።

ቦክሰር 150፦ እሱ የመንገድ ጽዳት ነው።

ሞኖፖል፦ አረንጓዴስ?

ገንዘብ ያዥ፦ በክረምት አረንጓዴ ለብሰህ ከዛፉ በምን ልትለይ ነው?

አቶቴ፦ ሰዎች፣ ቀን የሚያሳየን ደማቁ ጨርቅ ነው። ማታ የሚያበራው ብርማው ጭረት ነው፣ ጨርቁ ምንም ይሁን ምን። ቢጫ ይሁንና ወደ ፍሬኑ እንመለስ።

ቦክሰር 150፦ ማታ ጭረቱ ከሆነ የሚታየው፣ እንግዲያው ጥቁር ላይ ጭረት ይለጠፍ።

አቶቴ፦ ቀንስ?

ቦክሰር 150፦ ቀን እኔ እታያለሁ።

ጋሽ ያማሃ፦ የልብሱን ነገር አትናቁት። በ2011 አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሲታገድ፣ እዚህም ሳይመጣ በፊት አንድ ዓይነት ለብሰን በሥርዓት እንታይ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ማን ሰማኝ? ሰደርያው ይቅርልን ሳይሆን ለሁሉም ይገዛ። ጀርባው ላይ የማህበሩ ስም ይጻፍበት።

ገንዘብ ያዥ፦ 62 አባላት ነን። አንዱ 450 ብር። 27,900 ብር። ማሳተሚያው ለአንዱ 50 ብር ሲጨመር 31,000። ከካዝናው ግማሹ ሄደ። የአሰልጣኝ አበል ከየት ይምጣ? ደግሞስ ልምምዱ ላይ ሰው ቢሰበር? የሦስተኛ ወገን መድን ሌላ ሰው ስንጎዳ ነው። ራሱን ለጣለ ሞተረኛ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም።

ቦክሰር 150፦ ከ50 በላይ የሆነው ስንት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ 19።

ቦክሰር 150፦ ታዲያ ለ62 ምን አስገዛን?

ሞኖፖል፦ እኛስ መዋጮ አንከፍልም? ሽማግሌ ብቻ ነው የሚለብሰው?

ጋሽ ያማሃ፦ ሽማግሌ ያልከኝን በአካል መጥተህ ንገረኝ። ሦስት ወር መዋጮ ሳትከፍል ስለ ልብስ ታወራለህ።

ሞኖፖል፦ የእኔን መዋጮ እዚህ ማውጣት ምን አመጣው? የባነሩ ገንዘብ የት እንደገባ እኔ ጠይቄ አውቃለሁ?

ፀሐፊ፦ በቃ! ሁለታችሁም ተዉ።

ሞኖፖል፦ ጋሼ፣ እርስዎን አላልኩም። ይቅርታ።

ጋሽ ያማሃ፦ እሺ ልጄ፣ አልፏል። መዋጮውን ግን ክፈል።

ሲስተር፦ ገንዘብ ከተረፈ ለሄልሜት ይሁን። ባለፈው ያ ወንድማችን ሲወድቅ ከእሱ ቀድሞ መሬት የነካው ሄልሜቱ ነው። አገጩ ሥር አላሰረውም ነበር። እኔ ስደርስ ሄልሜቱ ባዶውን ቦይ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ደግሞ አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም አልቆለታል። ለልጅ አይወረስም።

ፀሐፊ፦ ልክ ነሽ ሲስተር። ጥቁር ውሃ፣ ሜዳው ምን ሆነ?

ቦክሰር 150፦ መፍትሔ አግኝቻለሁ። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ግማሹን እችላለሁ ብሎኛል። ስሙ ጀርባው ላይ ከተጻፈለት። ጥቁር ግራጫ ላይ ያምራል።

ጋሽ ያማሃ፦ የማህበሩ ከላይ፣ የእሱ ከታች። በትንሹ።

ሞኖፖል፦ ሲታደል ሰልፍ እናድርግ! ከአቶቴ ሰፈር ተነስተን፣ በፒያሳ አድርገን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል። ዓሣ በልተን እንለያያለን። የከተማው ቴሌቪዥን ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዓሣው ከካዝና ነው?

ፀሐፊ፦ ጥቁር ውሃ? ሜዳው?

አቶቴ፦ ትናንት ነዳጅ ሰልፍ ላይ አየሁት። እጁን አውለብልቦልኝ ወደፊት ገፋ።

ጋሽ ያማሃ፦ ሰልፉን ከፊት እኔ እመራለሁ።

አቶቴ፦ ፍሬኑስ ጋሼ?

ጋሽ ያማሃ፦ ፒያሳ ላይ መቆማችን አይቀርም፣ ያኔ ታየኛለህ።

አቶቴ፦ የማይሆን ነገር። 62 ሞተር ተጠጋግቶ ሲሄድ ነው የፊት ፍሬን የሚሞከረው? እሁድ ጠዋት ከስታዲየሙ ጎን ሰው ሳይወጣ እኔ እቆማለሁ። በኮን ፈንታ ባዶ ጀሪካን እደረድራለሁ። የመጣ ይምጣ፣ ክፍያ የለውም።

ሲስተር፦ እኔ አለሁ። ግፊት መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ። ሌላስ?

ሞኖፖል፦ ዝናብ ከሌለ እንግዲህ።

ፀሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ እንዲህ ሆኗል። ርዕስ፦ የማህበሩ ሰደርያ ርክክብና የትራፊክ ደህንነት ግንዛቤ ማስጨበጫ ሰልፍ። ስልጠናው «ሜዳ ሲገኝ» ተብሎ አንቀጽ 4 ላይ ገብቷል። የዓይን ምርመራው ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ቀለሙን ክፍት ትቼዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሰደርያ ልካችሁን እስከ እሁድ ማታ ላኩ። ሱቁ ትልቁ ልክ ላይ 30 ብር ይጨምራል። ቦርጭ ያለው ከራሱ ይክፈል።

ቦክሰር 150፦ ቢጫ ከሆነ የእኔን ልክ አትጠብቁ።