ዝዋይ ወይስ ጣና? ለሦስት ቀን

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ፒያሳ ተነስተን የዓሣ አጥማጆች ደሴት ማየት ፈልገናል። የዝዋይ ሐይቁ ቱሉ ጉዶ ይሻላል ወይስ የጣናው ደቅ?

መልስ፦ ለሦስት ቀን ቱሉ ጉዶ። የዝዋይ ሐይቅ ዳር ከተማዋ ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ደሴቲቱ የዛይ ሕዝብ መኖሪያ ናት፤ ደብረ ጽዮን ማርያምም እዚያ ናት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሐይቁን ስለሚያናውጠው መመለሻችሁን ጠዋት አድርጉት። ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን፣ ጀልባው የሚጠብቃችሁንም ሰዓት ሳትቆርጡ አትሳፈሩ፤ ጭቅጭቁ ሁሌ እዚህ ላይ ነው።

መልስ፦ ደቅ ላይ ከዓሣው እርሻው ያመዝናል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ብቻዋን ታስኬዳለች። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ካልሆነ ቀኑን መንገድ ይበላዋል። እዚያው ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አይገባም፣ እወቁት።

መልስ፦ ሁለቱም ዘንድ ብልሃርዚያ (ከሐይቅ ውሃ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለ፤ አትዋኙ።