ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል፤ ቴርሞሜትሮቹን ልጣላቸው?

ጠያቂ (የቤተ ሙከራ ረዳት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ያሉን ቴርሞሜትሮች ቀይ አልኮል ያለባቸው ናቸው። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ስከታቸው አንዱ 90፣ ሌላው 91፣ አንዱ ደግሞ 94 ያሳያል፤ 100 የደረሰ አንድም የለም። በዚያ ላይ ከገበያ የገዛሁትን የልብስ ናፍታሊን አቅልጠን፣ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን በየግማሽ ደቂቃው መዘገብን። ግራፉ የተኛው፣ ማለትም ሙቀቱ መውረዱን ለጊዜው ያቆመው፣ 53 አካባቢ ነው። ማኑዋሉ ግን 80 ይላል። አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ርካሽ ዕቃ እንዲህ ነው። ቀላሉ መፍትሔ ውሃው ሲፈላ ፈሳሹ የቆመበት ላይ 100 ብለህ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ እስከ ዜሮ ያለውን እኩል ትከፋፍለዋለህ።

መልስ 2 (ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር)፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤውንም አቆየው፣ ከላይ የተሰጠህንም ምክር አትስማ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ባቄላው አልበስል ሲል ማገዶው የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው። 100ን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ጅቡቲ ወደብ ውረድ፤ ከባሕር ጠለል በታች ባለችው ዳሎል ላይማ ከ100ም ትንሽ ያልፋል። ሴልሺየስ ራሱ በ1742 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መለኪያውን ሲያስተዋውቅ የመፍያው ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ጽፎ ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሰንጠረዥ ግን ይህን ሲናገር አላየሁም።

የበረዶው ነጥብ በከፍታ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከዚያ ጀምር። ከማቀዝቀዣ የወጣውን በረዶ እንዳለ አትጠቀም፤ ከዜሮ በታች ነውና። በጨርቅ ጠቅልለህ አድቅቀው፣ ንጹሕ ውሃ ጨምርበትና መቅለጥ ሲጀምር እያማሰልህ ጠብቅ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ወለል እንዳይነካ። ቀዩ ፈሳሽ የተቆራረጠበት ካለ አስቀድመህ ለየው። ለላይኛው ነጥብ ደግሞ ጫፉን ከውሃው ከፍ አድርገህ እንፋሎቱ ውስጥ ያዘው።

እንግዲህ አንዱ በበረዶው 1፣ በእንፋሎቱ 94 ቢያሳይ፣ 93 የመሣሪያው ክፍሎች የያዙት እውነተኛ 91 ዲግሪ ነው። ይኸው ቴርሞሜትር 60 ሲያሳይ 1 ትቀንሳለህ፣ በ91 ታባዛለህ፣ ለ93 ታካፍላለህ፤ 57.7 ይወጣል። እንደ መልስ 1 ምክር በ91 ፈንታ 100 ብታስገባ 63.4 ይሆንብሃል። ስድስት ዲግሪ የሚጠጋ ስሕተት በገዛ እጅህ ፈጠርህ ማለት ነው!

ወደ 53 ስንመጣ፣ የገዛኸው ናፍታሊን አይመስለኝም። ለብል መከላከያ የሚሸጡት ነጫጭ እንክብሎች ብዙ ጊዜ ፓራዳይክሎሮቤንዚን ናቸው፤ የዚህ መቅለጫ ደግሞ 53 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትርህ እውነቱን ነግሮሃል፤ የዋሸው ሻጩ ነው። ለማጣራት ጨው አልሟሟ እስኪል ድረስ በውሃ በጥብጥና አንዱን እንክብል ጣልበት። ናፍታሊን ይንሳፈፋል፣ ያኛው ይሰምጣል። በተራ ውሃ አትሞክር፤ ሁለቱም ይሰምጣሉ። የሁለቱም ትነት ለጤና ስለማይበጅ ከእንግዲህ ከስብ በሚገኘው ሰም መሰል ነገር፣ በስቴሪክ አሲድ ሥራ፤ 69 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል።

ጠያቂ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንክብሉ ጨው ውሃው ውስጥ እንደ ድንጋይ ሰመጠ። ስቴሪክ አሲድ ከኬሚስትሪ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተገኘ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አየን፦ ሙቀቱ 66 ድረስ ወርዶ መልሶ ወደ 68 ወጣ። ተማሪዎቹ «የቀዘቀዘ ነገር እንዴት ራሱን ያሞቃል?» አሉኝ። ሻማ ያቀለጠው ቡድን ደግሞ የተኛ መስመር ጭራሽ አላገኘም።

መልስ (ጡረተኛው መምህር)፦
ጥሩ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ያንን ስርጉድ ከግራፉ ላይ እንዳታስጠፋቸው። ፈሳሹ መርጋት ሳይጀምር ከመርጊያው ነጥብ በታች ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ቅንጣት ሲረጋ በውስጡ የነበረው ሙቀት ይለቀቅና ሙቀቱን መልሶ ያነሣዋል። ቀስ እያሉ ቢያማስሉት ስርጉዱ ያንሳል። ሻማ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ አንድ ቁርጥ ያለ መርጊያ የለውም፤ መስመሩም ያዘቀዝቃል እንጂ አይተኛም።

ሙቀቱ 50 እስኪደርስ መመዝገባችሁን አታቁሙ፤ ከተኛው መስመር በኋላ ያለው ቁልቁለትም ያስፈልጋችኋል። ቴርሞሜትሩ በረጋው ውስጥ ተይዞ ከቀረ ማንም እንዳይጎትተው። ቱቦውን ሙቅ ውሃ ውስጥ መልሳችሁ አቅልጡትና በራሱ ሲላቀቅ አውጡት።