ከዊንዶውስ 11 ወደ 10 መመለስ አቃተኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምሠራባት የጽሕፈት ቤት ያለችው ኮምፒውተር ራሟ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ዊንዶውስ 11 ጫነባት፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ማመልከቻ እስኪከፈት ደንበኛው ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ወደ ቀድሞው መመለሻው የሚሠራው ለ10 ቀን ብቻ መሆኑን ያወቅሁት በ13ኛው ቀን ነው!

ዊንዶውስ 10ን በፍላሽ አዘጋጅቼ ሞከርሁ። ዲስክ መምረጫው ላይ ስደርስ ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነት) ስለሆነ መጫን አይቻልም ይለኛል። ወደ ኤምቢአር (ወደ አሮጌው አከፋፈል) ቀይሪው የሚሉኝ አሉ፤ ግን ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ የአራት ዓመት የደንበኞች ሰነድ አለ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም (አትቆጡኝ፣ ጥፋቴን አውቃለሁ)። ሰነዱ ሳይነካ ፍላሹን በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት) ማስነሳት ብቻ ይበቃል? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን አላጣሁትም፤ ለእኔ ግን ዛሬ መጻፍ ይብሳል።