ከመጠለያ ያመጣናት ውሻ ከአልጋ ስር አልወጣም አለች፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠባሴ_ነኝ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ በናታችሁ ስለ ውሻ የምታውቁ አንድ ነገር አማክሩኝ። ያለነው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተጣሉ ውሾች ከሚያነሱ ሰዎች ጋ አንዲት ሴት ውሻ ወሰድን፣ ያገር ውሻ ናት፣ መልኳ ዳማ ስለሆነ ዳማ አልናት፣ ሁለት አመት ቢሆናት ነው አሉን። እዛ እያለች ከሌሎቹ ጋር ስትላፋ በአይኔ አይቻታለሁ፣ እኛ ቤት ከገባች ግን ሌላ ውሻ ሆነች። ቀን ቀን ከአልጋ ስር አትወጣም፣ የምትበላው ሁላችንም ተኝተን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው፣ ባለቤቴ መጥረጊያ ሲያነሳ ካየች ባለችበት ሽንቷን ትለቃለች። ሌሊት ደሞ ታላዝናለች። አከራያችን እትዬ ደግ ሰው ናቸው ግን ውሻ ሲያላዝን ሟርት ነው እያሉ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ሲያማትቡ አያለሁ። የስድስት አመት ልጅ አለኝ፣ ትናንት አልጋ ስር ገብቶ ሊያቅፋት ሲል ጥርሷን አግጥጣ አጉረመረመችበት፣ አልነከሰችውም። ጎረቤት ሁሉ ግቢ እሰሯት ይላል። ልሰራት? ልመልሳት? ወይስ ይለቃታል?

ሞላሌ_77
እህቴ ውሻ እኮ የበራፍ ነው፣ እኛ ቤት ፍራሽ ላይ የተኛ ውሻ አይቼ አላውቅም። ሰንሰለት አድርጊና በር ላይ እሰሪያት፣ ፍርፋሪ ስጫት፣ በሳምንቷ አላፊ አግዳሚውን መጮህ ትጀምራለች። ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል አልሰማሽም?

አንኮበሬው
ሞላሌ ወንድሜ አክብሬህ ልቃወምህ። ያንተ ውሻ እዛው ግቢ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ሰዉንም ጠረኑንም ያውቃል። ይቺ ገና ማን ይምታኝ ማን ያብላኝ ያላወቀች ፍጡር ናት። ደሞ ደብረ ብርሃን ዳር ዳሩን ሌሊት ጅብ ይገባ የለ? የታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣበት ወዴት ይሮጣል? አጥሩ ቆርቆሮ ይሁን እሾህ አላውቅም ግን ጅብ ውሻ ካሸተተ ስር ስሩን ቆፍሮ ነው የሚገባው። ሌሊት የምታላዝነው እሱን ሰምታም ሊሆን ይችላል፣ ሟርት ምናምን አይደለም፣ ለእትዬ እንደዛ በይልኝ።

ሸኖ_ቬት
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

መጀመሪያ የገለጽሽው ነገር በሽታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው፣ ያውም የተለመደ። ከጎዳና ተነስታ፣ መጠለያ ገብታ፣ ከዛ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ተጉዛ የማታውቀው ብርድና የማታውቀው ቤት ውስጥ የተለቀቀች ውሻ ብትደበቅ ምን ይገርማል። በኛ ሙያ በግርድፉ 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚባል ነገር አለ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ዝም ብላ ትደነግጣለች፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ስርአት ትይዛለች፣ እውነተኛ ጠባይዋን የምታዪው 3 ወር ገደማ ነው። ህግ አይደለም፣ የባሰ የተደበደበች ከሆነች አመትም ይፈጅባታል። ስለዚህ አሁን ልመልሳት ወይ የሚለው ጥያቄ ጊዜው አልደረሰም።

ከአልጋ ስር አትጎትቻት፣ ማንም እንዳይጎትታት። እንዲያውም አንድ ጥግ ላይ የራሷን ቦታ ስሪላት፣ የሳሙና ካርቶን ወይ የእንጨት ሳጥን በጎኑ አጋድመሽ ገለባ ሙይበት፣ እላዩ ላይ ጆንያ ጣል አድርጊበት፣ እዛ ስትገባ የሚነካት ሰው የለም ማለት ነው፣ ልጅሽም ጭምር። ምግቧን በየቀኑ በአንድ ሰአት አንድ ቦታ አስቀምጪና ዞር በይ። ሲመሽ ደግሞ አጠገቧ ጀርባሽን ወይ ጎንሽን ሰጥተሽ መሬት ላይ ቁጭ በይ፣ አይን አይኗን አትዪ፣ ስልክሽን እየነካካሽ የተቀቀለ ሳንባ በትንሽ በትንሹ ወደሷ ወርወር አድርጊ። የመጀመሪያው ቀን አትወጣም። በኋላ አፍንጫዋ ይወጣል፣ ከዛ አንገቷ ይወጣል፣ ቁራጩን አንስታ መልሳ ትገባለች። አሸንፌያለሁ ብለሽ እጅሽን እንዳትዘረጊ፣ እሷ መጥታ እጅሽን እስክታሸት ጠብቂ። መንካት ሲመጣም ከአናቷ በላይ ሳይሆን ከደረቷ ወይ ከአንገቷ ጎን ነው፣ ከላይ የሚመጣ እጅ ለሷ ዱላ ነው።

ማጉረምረሟን በፍጹም እንዳትቆጧት። ማጉረምረም ማለት "ተዉኝ" ማለት ነው፣ ይሄን ከከለከልሻት ሳታስጠነቅቅ የምትነክስ ውሻ ታሳድጊያለሽ። ልጁን ነው ማስተማር፣ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ጥግ ስትይዝ አይቀርባትም፣ ብቻቸውንም አትተዪአቸው።

መጥረጊያውን በተመለከተ እረኛም ይሁን ዘበኛ ረጅም እንጨት የያዘ ሰው መቷት ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ መጥረጊያውን መሬት ላይ አስተኝቶ አጠገቡ ምግብ ይጣልላት፣ ቀን ከቀን። ቁርጥ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ አለ፣ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ካልጠጣች፣ ካስመለሳት ወይ ደም ያለበት ተቅማጥ ካየሽ ፍርሃት ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ ክሊኒክ ውሰጃት።

የሁለት_ልጆች_እናት
ዶክተር ተባረክ። እኔ የምጨምረው በሩን ነው። አዲስ የመጣ ውሻ የሚጠፋው በር ስትከፍቺ እግርሽ መሃል ሾልኮ ነው፣ የኛ ግቢ በር ሲከፈት ሁልጊዜ የቤቱ በር ይዘጋ ብለን ለልጆች ነግረናቸዋል። ግቢ ስታወጫትም በገመድ ይሁን፣ ግቢው የተዘጋ ቢሆንም። ካመለጠች አትሩጪባት፣ ከሮጥሽ አሰላ ትደርሳለች፣ ቁጭ ብለሽ ምግብ እያሳየሽ ጥሪያት።

ጠባሴ_ነኝ
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ዶክተር ካርቶኑን ዛሬውኑ ሰራሁላት፣ ልጄ "የዳማ ቤት" ብሎ ጽፎበታል። አንድ ነገር ግን ጨነቀኝ፣ ፍልሰታ ገባ፣ ስጋ ቤቱ ይዘጋል፣ እኔም በፆም ድስት ስጋ ልቀቅል አልችልም። በወጥ የራሰ እንጀራ ሰጥቻት ነበር፣ እሱን ትወዳለች።

ሸኖ_ቬት
ወጡ ይቅር። ሽሮም ይሁን ምስር ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ አንዴ ቀምሳ ምንም ላይሆን ይችላል ሲደጋገም ግን ደም ማነስ ያመጣል። ደረቅ እንጀራ ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም። ለሷ አንድ አሮጌ ድስት ለዪላት፣ እንቁላል ቀቅለሽ ከሩዝ ጋር ስጫት፣ ከፍልሰታ በፊት የገዛሽው ሳንባ ፍሪጅ ካለሽ ቀቅለሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ።

ስለ ሳንባ ካነሳን አይቀር። የበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እንደ ፊኛ ያለ ነገር ካየሽ ጥሬውን ለውሻ እንዳትጥዪው። እሱ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፣ ውሻዋ ሆድ ገብቶ ያድጋል፣ ከአይነምድሯ የሚወጣው እንቁላል ደሞ በእጅና በሰላጣ ሰው ሆድ ገብቶ ጉበትና ሳንባ ላይ ያብጣል፣ በኦፕሬሽን ነው የሚወጣው። የኛ አገር በግ አርዶ ሳንባውን ለውሻ መወርወር ስለለመደብን ነው ደግሜ የምናገረው። ግማሽ ሰአት በደንብ ይፍላ። የትል መድሃኒትም በየ3 ወሩ ስጫት፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ጠይቂ።

ደብረሲና_ጉም
ሌላ ያልተነሳ ነገር፣ ጅራፍ! ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ልጆቹ እኮ ከአሁኑ ጀምረውታል፣ እኛ ሰፈር እስከ ማታ ጯ ጯ ነው። ሰው የማይሰማውን ትሰማለች ውሻ፣ ለሷ ተኩስ ነው። የዛን ቀን ማታ ግቢ እንዳትለቂያት፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ራዲዮ ክፈቺ፣ ሆያ ሆዬ ሊሉ የሚመጡትን ልጆች በር ላይ ተቀብለሽ ሸኚ። ጅራፍ ይዘው ግቢ ከገቡ የሰራሽው ስራ ሁሉ ይፈርሳል።

ሞላሌ_77
እሺ ሰንሰለቱን ተውኩት 😄 ግን ብርዱስ? ባሁኑ ክረምት ካርቶን ያሞቃል?

አንኮበሬው
የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጣ ውሻ በብርድ ብትሞት ያሳፍራል! ለማንኛውም ብርድ ልብስ ከረጠበ የባሰ ያቀዘቅዛል፣ ገለባው ይሻላል፣ ሲረጥብ ጣል አርጎ መቀየር ነው። ካርቶኑ ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ እንዳይሆን፣ ስሩ ጣውላ ወይ የማዳበሪያ ጆንያ ደራርቡበት።

ጠባሴ_ነኝ
ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ተኛች! ቀን ነው የተኛችው፣ ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ እያለ። ሌሊት ማላዘኗ ቀንሷል ግን አላቆመም፣ እትዬም እንጃ ብለዋል። አሁን የምጠይቀው፣ ለእንቁጣጣሽ መሃል ሜዳ ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን፣ ይዣት ልሂድ? እዛው መንዝ ያለውን የጓሳ ጥብቅ ስፍራም ለልጄ ላሳየው አስቤያለሁ። የክትባት ወረቀቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች ይላል፣ ቀኑ የዘንድሮ ጥቅምት ነው።

የመንዝ_ልጅ
መሃል ሜዳ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጓሳ ግን ውሻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ቀይ ቀበሮ ያለው እዛ ነው፣ በአለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፣ ጠቅላላ የቀረው 500 አይሞላም። ከውሻ የሚመጣ የእብደት በሽታ ባሌ ላይ በፈረንጆቹ 2003 ምን ያህል ቀበሮ እንደጨረሰ ሰምተሽ ይሆናል። ጓሳን አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ አጠባበቅ ስርአት ሳሩን እየከለከሉ ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ነው፣ እኛ ደሞ በውሻ አናበላሸው። የተከተበችም ብትሆን ሌላ በሽታ ልትይዝ ትችላለች፣ ቀበሮ ሊያሳድዳትም ልታሳድደውም ትችላለች።

ሸኖ_ቬት
የመንዙ ልጅ ልክ ነው። እኔ ደሞ ጉዞውን ራሱን አልመክርም፣ ገና ቤትሽን ሳትለምድ ሌላ ቤት አትውሰጃት፣ የምታምኚው አንድ ሰው ቤትሽ መጥቶ ያብላት፣ ካሁኑ ጀምሮ እየመጣ ይላመዳት። ክትባቱ በጥቅምት አመት ይሞላዋል፣ ከዛ በፊት ወረቀቷን ይዘሽ የከተማው የእንስሳት ክሊኒክ ሂጂና አሳድሺላት። ምናልባት ልጅሽን ከቧጨረችው ወይ ከነከሰችው ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው፣ ከዛ ቀጥታ ጤና ጣቢያ፣ ወረቀቱንም ይዘሽ። "ተከትባለች እኮ" ተብሎ ቤት አይቀርም፣ የባህል መድሃኒት ተብሎም አይዘገይም፣ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም። ውሻዋን አትግደሏት፣ 10 ቀን አስራችሁ ወይ ዘግታችሁ እዩአት፣ በደህና ካለፈች ስትነክስ በሽታው በምራቋ አልነበረም ማለት ነው።

ጠባሴ_ነኝ
እህቴን ቤቱን እንድትጠብቅልኝ ለመንኳት፣ ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ትመጣለች። ኮላር ስገዛላት ምን አይነት ልግዛ? ገበያ ያየሁት ብረት ያለው ብቻ ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት
ብረቱን ተዪው። ከሻንጣ ማሰሪያ ሰፊውን ጨርቅ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ አሰፊ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፣ ስልክ ቁጥርሽን ደሞ በማይለቅ ማርከር በውስጥም በውጭም ጻፊበት።