ሾቶቹ አልገጥም አሉኝ፦ የቡና ትዕይንት ቀረጻ (ጥያቄና መልስ)

ጠያቂ (የፊልም ተማሪ፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ የ8 ደቂቃ አጭር ፊልም እየሠራን ነው። ታሪኩ አንድ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያልቀው፤ እናት ቡና እያፈላች ልጇ ዩኒቨርሲቲ ማቋረጡን ይነግራታል። ባለፈው ቅዳሜ ዋይድ ሾቱን (ሁለቱንም ከራቅ ብሎ የሚያሳየውን) እና የእናትየዋን ክሎዝ አፕ (ፊቷን ከቅርብ) ቀረጽን። የልጁ ክሎዝ አፕና የእጅ፣ የጀበና ምናምን ሾቶች ለመጪው ቅዳሜ ቀርተዋል። የምንቀርጸው በስልክ ነው፣ ትራይፖድ አለን፣ ከተዋናዮቹ ውጭ አራት ሰዎች ነን።

ኤዲት ላይ ስደረድረው ግን አልገጥም አለኝ። ዋይዱ ላይ እናት ወደ ቀኝ ታያለች፣ ክሎዝ አፑ ላይ ወደ ግራ። ሲኒው አንዴ ሙሉ ነው፣ አንዴ ጎደሎ። ዋይዱ ላይ ግድግዳው ላይ ያረፈው ፀሐይ ክሎዝ አፑ ላይ የለም፣ ፊቷም ሰማያዊ ሆኗል። ተዋናይቷ ያላት ጊዜ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

ኤዲተሩ
ከአይን ጀምሪ። በእናትና በልጅ መካከል ወለሉ ላይ ገመድ ተዘርግቷል እንበል። ካሜራው ከገመዱ በአንድ ወገን እስካለ ድረስ እናት ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ልጅ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያያሉ፤ የ180 ዲግሪ ሕግ የሚሉት ይሄንን ነው። እናንተ ለክሎዝ አፑ ገመዱን ተሻግራችሁ ማዶ ቆማችኋል። አሁን ልጁን ከዋይዱ ወገን ብታነሺው ሁለቱም ወደ ግራ ያያሉ፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሳይሆን ሁለቱም ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ።

ደግሞ ሾቱን ኤዲት ላይ ገልብጬ ላስተካክል እንዳትይ! ነጠላዋ ትከሻ ይቀይራል፣ ጀበናውን በግራ እጇ ትቀዳለች፣ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ካለ ፊደሉ ይገለበጣል።

ጠያቂ
ገባኝ። ግን ያ ክሎዝ አፕ ላይ እውነተኛ እንባ መጥቶላታል። እንዴት ልጣለው?

ኤዲተሩ
ማን ጣይው አለሽ? መሻገሪያ ሥሪለት። ጀበናው ሲቀዳ ከላይ ወደ ታች ቅረጪ፤ ሲኒው፣ ቡናውና እጇ ብቻ ይታዩ፣ የማንም ፊት አይግባ። ከዚያ ሾት በኋላ ማዶ ብትሄጂ ተመልካች አይጎረብጠውም። የልጁን ክሎዝ አፕ ደግሞ ከሁለቱም ወገን አንሺ፤ ዜናው እስኪነገር በዋይዱ ወገን፣ ከዚያ በኋላ በእንባው ወገን። አንዴ ከተሻገርሽ ግን ያንን ዋይድ መልሰሽ አታስገቢ። ለመጀመሪያው አጋማሽ ከእናትየዋ የምትፈልጊው ጥቂት ሾት ብቻ ስለሆነ ግማሽ ቀኑ ይበቃሻል።

መብራት ላይ የሚሠራ
በስንት ሰዓት ነው የቀረጻችሁት?

ጠያቂ
ዋይዱን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ክሎዝ አፑን 6 ሰዓት ገደማ።

መብራት ላይ የሚሠራ
በቃ፣ እሱ ነዋ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች፤ በሦስት ሰዓት 45 ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ትጠጋለች፣ በመስኮት የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ይሆናል፤ ፊቷ ሰማያዊ የሆነው ለዚያ ነው። ከዋይዱ ጋር የሚገጥሙትን ሾቶች 3 ሰዓት ላይ ቅረጹ፣ ከእንባው ጋር የሚገጥሙትን ወደ 6 ሰዓት ግድም። ለወደፊቱ መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል ነጭ አንሶላ ብትሰቅሉ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ለውጡም ያን ያህል አይታወቅም።

ስልኩን አውቶ ላይ አትተዉት። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) 5600 ኬልቪን ላይ ቆልፉ፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) እና ፎከሱንም እንደዚያው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ አለበለዚያ አምፖል ሲበራ ምስሉ ይርገበገባል። ዋይዱ በ30 ፍሬም ተቀርጾ ከሆነ ግን አሁን አትቀይሩ፤ የጣሪያውን አምፖል አጥፍታችሁ በዚያው ቀጥሉ።

ኮንቲኒዩቲ የምትይዝ
ከአራታችሁ አንዱ ኮንቲኒዩቲን (ሾቶቹ እርስ በርስ መግጠማቸውን) ብቻ ይከታተል፤ ምንም ሌላ ሥራ እንዳይሰጠው። ስክሪፕቱንና እስኪርቢቶውን ይዞ ይቀመጥ። መጻፍ ያለበት «ሲኒ ይዛለች» ብሎ አይደለም፤ በየትኛው ቃል ላይ ምን እንደተደረገ ነው። ለምሳሌ «አቋረጥኩ» ሲል ሲኒውን ከከንፈሯ ታወርዳለች፣ በቀኝ እጅ፣ ቡናው ግማሽ ላይ። በእያንዳንዱ ቴክ (አንዱን ሾት በቀረጻችሁ ቁጥር) መጀመሪያና መጨረሻ ፎቶ ይነሳ፤ ረከቦቱ፣ የሲኒዎቹ አቀማመጥ፣ ነጠላው በየትኛው ትከሻ እንዳለ።

ቡናው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከሲኒው ሥዕል የትኛው መስመር ድረስ እንደሚሞላ ተስማሙ። አቦሉን ከሁሉም አንግል ሳትጨርሱ ወደ ቶና አትሂዱ። ዕጣን ደግሞ አደራ፣ ዋይዱ ላይ ከሌለ አሁን አታጭሱ። ጭስ ቤቱን አንዴ ከሞላው ምስሉ ሁሉ ይደበዝዛል፣ ቶሎም አይወጣም።

የድሮ ሰው
የሲኒውን ነገር አታክብዱባት ልጆች። ዋልተር መርች የሚባለው ታዋቂ ኤዲተር ቆረጣን (ከአንድ ሾት ወደ ሌላው ማለፍን) ሲመዝን ለስሜት 51 በመቶ ሰጥቶ፣ ለቦታ ተከታታይነት የተረፈው 4 በመቶ ነው። ተመልካች እንባዋን እያየ ሲኒ አይለካም። በሲኒ ምክንያት ደካማውን ትወና እንዳትመርጪ፣ ልጄ።

ኮንቲኒዩቲ የምትይዝ
ጋሼ፣ እሱስ ልክ ብለዋል፤ ግን እሱ የኤዲት ክፍል ምርጫ ነው። ቀረጻ ላይ ካልተጠነቀቅን የሚመርጡበት ሾት ከየት ያገኛሉ?

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረ፦ ተዋናይቷ ሹሩባዋን ፈትታዋለች።

ኮንቲኒዩቲ የምትይዝ
አርብ ማታ ትሠራ። ከዋይዱ ላይ ፎቶ አውጥተሽ ለሠሪዋ ላኪላት፣ የመስመሮቹን ብዛት ትቁጠር። ልጁም ባለፈው ተላጭቶ ከነበረ ቅዳሜ ጠዋት ፂሙን ይላጭ፤ ፀጉሩን እንዳይቆረጥ ግን ዛሬውኑ ደውዪለት።