ሳላሪና ዌጅ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቦርከና፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። አንድ ፋብሪካ ቀጠረኝና የሥራ ውሉን ልፈርም ስል በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። የእኔ ላይ «ዌጅ» ይላል፣ አብሮኝ የተቀጠረው ጓደኛዬ ላይ «ሳላሪ»። እሱ ቢሮ ነው የሚገባው፣ እኔ ማሽን ላይ። መዝገበ ቃላት ሳይ ሁለቱንም ደመወዝ ይላቸዋል። ታዲያ ለምን ለያዩን? ደግሞ ሳላሪ የመጣው ከጨው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ጦሳ ሥር፦
ይለያያሉ ወንድሜ። ዌጅ በሰዓት ወይም በቀን እየታሰበ የሚከፈል ነው፣ እኛ የቀን ሂሳብ እንደምንለው። ሳላሪ ግን በወር ወይም በዓመት የተቆረጠ ነው። ከመፈረምህ በፊት በሰዓት ስንት እንደሆነና ትርፍ ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ ጠይቃቸው። ዌጅ ድሮ መያዣ ማለት ነበር፣ እንግሊዝኛ ከጥንት ፈረንሳይኛ የወሰደው ነው። ኢንጌጅመንት የምንለውም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ቀለበቱ መያዣ አይደል?

ሸዋ በር፦
የጨዉ ነገር ግማሹ እውነት ነው። በላቲን «ሳል» ጨው ነው፣ «ሳላሪየም» ከእሱ ወጣ፣ ሳላሪ ደግሞ ከሳላሪየም። ግን ለሮማ ወታደር ጨው እየተሰፈረ ይከፈለው ነበር የሚለውን አትቀበል፣ እንዲህ የሚል የዘመኑ ጽሑፍ የለም። ሳላሪየም በገንዘብ የሚሰጥ አበል ነበር። ጨው ራሱ ገንዘብ የነበረው እኛ አገር ነው! አሞሌ ከአፋር ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ ደጋ ይወጣና ይገበያዩበት ነበር። አያቴ ደሴ ቤታችን አንድ ስባሪ በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር፣ ጠርዙ ከእጅ ብዛት ለስልሶ። ልጅ ሆኜ ልልሰው ስል እጄን መታ አደረገችኝ፤ «ብር እኮ ነው!» አለችኝ።

ቧንቧ ውሃ፦
የራሳችንንም ቃል እዩት እንጂ። ደመወዝ ሲፈታ ደምና ወዝ ነው። ወዛደርም በወዙ የሚያድር ማለት ነው። ላቲኑ ጨዉን አየ፣ የእኛዎቹ ላቡን። እኔ የእኛውን እመርጣለሁ፣ ማሽን ላይ ቆሞ የዋለን ሰው የሚያውቅ ሰው ያወጣው ቃል ነው የሚመስለኝ።

ቦርከና፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ሄጄ ጠየቅኩ፣ በሰዓት ነው አሉኝ። ትርፍ ሰዓቱ ግን ውሉ ላይ የለም። በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡልኝ ብያለሁ፣ ሰኞ ተመለስ ተብዬአለሁ። እስኪያመጡልኝ አልፈርምም።